ከአዳማ እስከ ጅቡቲ፦ ኑሮ በምን ይመዘናል?

ከአዳማ ወደ መተሐራ የሚወስደው መንገድ ንጋት ላይ በከባድ መኪና ድምፅ ይነቃል። ረዳቶች ጎማ እየዞሩ በብረት ይመታሉ፣ የሸራውን ገመድ ያጠብቃሉ። ሹፌሮች ከመንገድ ዳር ቁርስ ቤቶች ፍርፍራቸውን በልተው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ከፊታቸው አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያና ጋላፊ አሉ፤ ጫፉ ጅቡቲ ነው። ወሬው የሚዞረው በነዳጅ ወረፋ፣ በኬላ፣ በመለዋወጫ ዋጋና በዶላር ላይ ነው። ከዚያ መሐል አንዱ «ጅቡቲ ሀብታም ናት ወይስ ድሃ?» ብሎ ካነሳ ክርክሩ ቶሎ አይበርድም። አንዱ ወደቡን፣ የመርከቡን ብዛትና የውጭ ጦር ሰፈሮቹን ይቆጥራል። ሌላው የባልባላ ሰፈርን የቆርቆሮ ቤቶች፣ ሙቀቱንና የሸቀጡን ዋጋ ያነሣል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ክርክሩ ከቁርስ ቤት ወሬ ያለፈ ቁም ነገር አለው። የአንድ አገር ወይም የአንድ ከተማ ኑሮ ከሌላው ይሻላል ስንል በምን መዝነን ነው? ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላትን ኢትዮጵያ 1 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ካላት ጅቡቲ ጋር በጅምላ ማነጻጸር ብዙ ነገር ይደብቃል። አብዛኛው የጅቡቲ ሕዝብ የሚኖረው በዋና ከተማዋ ስለሆነ አገሪቱ በከተማ ልክ የምትታይ አገር ናት። ስለዚህ ፍትሐዊው ንጽጽር የመንገዱን ሁለት ጫፎች፣ አዳማንና ጅቡቲ ከተማን፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በአዳማ በኩል ያሉት ሞጆ፣ ወንጂ፣ መተሐራና ባቱም ምስክርነት አላቸው።

አንድ መስመር፣ ሁለት ጫፍ

ሁለቱን ከተሞች ያስተሳሰረው የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። አዳማም ባቡሩ ከሚቆምባቸው ጣቢያዎች አንዷ ሆና በንግድ ደራች። በ1946 ዓ.ም የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ከፈተ፤ በ1952 ዓ.ም የቆቃ ግድብ ኃይል ማመንጨት ጀመረ። በአዳማ ዙሪያ ደመወዝተኛ፣ ነጋዴና ሹፌር ተሰበሰበ።

እስከ 1990 ዓ.ም ድረስ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ዋነኛ በር አሰብ ነበር። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና ጭነቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነሩን ይቀበላል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመርቆ በአዳማ በኩል ያልፋል። በጅቡቲ መሐል ከተማ ያለውን ትልቅ አደባባይ ደግሞ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በምኒልክ ስም ይጠራዋል።

ሁለቱም ከተሞች እንጀራቸው ከሚያልፍ ጭነት ጋር የተያያዘ ነው። ጅቡቲ መርከብ አራግፋ ታስከፍላለች፤ አዳማ ሹፌሩን ታሳድራለች፣ መኪናውን ትጠግናለች፣ ዕቃውን ታከፋፍላለች።

የመዝገቡ ሀብት

በዶላር ሲታይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የጅቡቲ ዓመታዊ ምርት ለሕዝቧ ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ3,000 ዶላር በላይ ይደርሳል። የኢትዮጵያው 1,000 ዶላር አካባቢ ነው። በዚህ ሚዛን ብቻ የሚፈርድ ሰው የጅቡቲ ኗሪ ከኢትዮጵያዊው ሦስት እጥፍ ይሻላል ይላል።

አማካይ ግን ሰው በቤቱ ምን እንዳለው አይናገርም። አንዱ ጎረቤት በሬ አርዶ ሌላው ጦሙን ቢያድር በአማካይ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ በሬ በልተዋል። የጅቡቲ ገቢ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከወደብ ክፍያና ከጦር ሰፈር ኪራይ ነው። አሜሪካ ለጦር ሰፈሯ ለካምፕ ሌሞኒየር በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል በ2006 ዓ.ም ተስማምታለች። ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ጣሊያንም ሰፈር አላቸው፤ ቻይና ደግሞ የመጀመሪያውን የባሕር ማዶ የጦር ሰፈሯን በ2009 ዓ.ም የከፈተችው እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ገቢ ጥቂት እጆችን ያበለጽጋል እንጂ ብዙ ሠራተኛ አይቀጥርም። ክሬኑ በአንድ ሰው ይሠራል፣ የኪራዩ ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል፣ ባልባላ ግን ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ሆኖ የቀን ሥራ ይጠብቃል።

የቤተሰብ ጥናቶች ይህን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በጅቡቲ በተደረገው ጥናት ከአገሪቱ የድህነት መስመር በታች የተገኘው ሕዝብ 21 በመቶ ገደማ ነበር። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም የተሠራው ተመሳሳይ ጥናት 23.5 በመቶ አለ። መስመሮቹን እያንዳንዱ አገር በራሱ መንገድ ስለሚያሰምር ቁጥሮቹ አንድ ለአንድ አይመሳከሩም፤ ነገር ግን በመዝገብ ሦስት እጥፍ ሀብታም የሆነች አገር ራሷ ባሰመረችው መስመር ከአምስት ዜጎቿ አንዱን ከድህነት በታች ማግኘቷ ብዙ ይናገራል። የገቢ አለመመጣጠንን የሚለካው የጂኒ መለኪያ በጅቡቲ 41.6፣ በኢትዮጵያ 35 ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ክፍፍሉ ይዛባል።

የብርና የፍራንክ ጉዳይ

የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጀምሮ 177.7 ፍራንክ ነው። የዛሬው ሹፌር አባቱ በዚያው መስመር ሲነዳ ዶላር የመነዘረበትን ዋጋ ዛሬም ያገኘዋል።

ብር ሌላ ታሪክ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ በዓመቱ ማለቂያም የበለጠ ጨመረ። በዚያች ሌሊት አንድም የአዳማ ቤት አልፈረሰም፣ አንድም የሉሜ ወይም የአርሲ የጤፍ ማሳ አልጠፋም። ሆኖም አገሪቱ በዶላር ስትቆጠር ድሃ ሆና አደረች። ይህ የሚያስተምረን በዶላር የተጻፈ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከኑሮ ይልቅ የምንዛሪን ዋጋ ሊያሳይ እንደሚችል ነው።

ኑሮ ግን ቀስ ብሎ ይከተላል። ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ መድኃኒትና ዘይት በዶላር ስለሚገቡ የብር መዳከም ወደ ገበያ ይወርዳል። ጎማና የሞተር ዘይት የሚገዛ ባለመኪና ቀድሞ ያውቀዋል፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደር መምህር ደግሞ ከኋላ ሆኖ ይከፍላል። የጅቡቲ ኗሪ ከምንዛሪ መናጋት ድኗል፤ በምትኩ የምትበላውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውጭ የምታስመጣ አገር ዋጋ ይከፍላል። ሊታረስ የሚችለው መሬቷ ከ1 በመቶ አይሞላም። አትክልትና ፍራፍሬው፣ ጫቱም የሚመጣው ከኢትዮጵያ ነው። ከመቂና ከቆቃ ዙሪያ የተለቀመ ቲማቲምና ሽንኩርት ለአዳማ ሰው የሰፈር ዕቃ ነው፤ ጅቡቲ ሲደርስ ግን የመንገድ፣ የኬላና የነጋዴ ትርፍ ተጨምሮበታል። ስለዚህ ኢኮኖሚስቶች በሁለቱ አገር ዕቃ የመግዛት አቅምን አስተካክለው ሲያሰሉ ሦስት እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል።

የምንጠጣው ውሃ

ውሃ ሲነሣ ሚዛኑ ይገለበጣል። በጅቡቲ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ስለተቀዳ ጨውነቱ ጨምሯል። ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ከሚገኘው ሐደጋላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቱቦ ውሃ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ውሉ የ30 ዓመት ሲሆን ኢትዮጵያ ውሃውን የሰጠችው ያለ ክፍያ ነው። ጅቡቲ ከዚህ ሌላ በዶራሌ የባሕር ውሃ የሚያጣራ ጣቢያ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ሠርታለች።

አዳማ የአዋሽ ልጅ ናት፤ ዝናቧም ከጅቡቲ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን ብዛት ጥራትን አያመጣም። በስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ፣ በመተሐራና በባቱ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ መበለዙ የዚህ ምልክት ነው። ለዓመታት የጠጡት ሰዎች አከርካሪና መገጣጠሚያ ይደርቃል። ይህንን በሽታ በስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ላይ ያጠኑት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ነበሩ። አዳማ ከአዋሽ ወንዝ አጣርታ መጠጣቷ ከዚህ ችግር አስጥሏታል፤ የአዋሽ ውሃ ግን ከአዲስ አበባ ፍሳሽና ከሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት አልዳነም። መተሐራ ላይ ደግሞ ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት 60 ዓመታት ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ40 በላይ ደርሷል፤ የእርሻ መሬትና ግጦሽ ውጧል፣ መንገዱንና ሐዲዱን ተፈታትኗል።

የውሃ ቁጥር በየትኛውም አገር የነፍስ ወከፍ ገቢ ውስጥ አይታይም። ልጁን በበለዘ ጥርስ ያሳደገ የወንጂ ሠራተኛ ግን ኑሮን የሚለካው በውሃው ነው።

ሙቀትና መብራት

አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ቀኑ ቢሞቅም ማታው ይቀዘቅዛል፣ ነፋሷም አይቋረጥም። ይህ ነፋስ ወደ ኃይል ተለውጧል፤ በከተማዋ ዳር ያሉት አዳማ 1 እና አዳማ 2 የነፋስ ማመንጫዎች በ136 ተርባይኖች 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ጅቡቲ በባሕር ጠረፍ ሆና በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ትቃጠላለች፤ ሌሊቱም አይበርድም። እዚያ አየር ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ለሕፃንና ለሽማግሌ የጤና ጉዳይ ነው። ከገቢው ብዙውን ለመብራት የሚከፍል ሰው ደመወዙ ከአዳማው ጎረቤቱ ቢበልጥም በእጁ የሚቀረው ሊያንስ ይችላል።

ጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ከኢትዮጵያ መብራት ትገዛለች፤ ከ2016 ዓ.ም መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በጉቤት 60 ሜጋ ዋት ገደማ የራሷን የነፋስ ኃይል ጨምራለች። ኢትዮጵያ ኃይል ብትሸጥም ከሕዝቧ ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት አላገኘም። የአዳማ ኗሪ ከዚህ ክፍል ባይሆንም የመብራት መቆራረጥ ወፍጮ ቤቱንና የብየዳ ሱቁን ሲያስቆም የኤክስፖርቱ ዜና አያጽናናውም።

ሥራና ደመወዝ

ጅቡቲ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 35,000 ፍራንክ ብላ ደንግጋለች፤ 197 ዶላር ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ለግል ሠራተኛ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ብቻ ነው የደነገገው። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ሐዋሳን አጥንተው የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና በዓለም ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፈዋል። በአዳማም በ2011 ዓ.ም የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከገጠር የምትመጣ ወጣት ቤት ተከራይታ፣ ምግብ ገዝታ ለቤተሰቧም መላክ ከፈለገች ጥያቄው ሥራ አለ ወይ ብቻ አይደለም፤ ደመወዙ የቤት ኪራዩን ይሸፍናል ወይ የሚለው ነው።

በጅቡቲ ያለው ችግር የተለየ ነው። ደመወዙ ይሻላል፣ ሥራው ግን ጠባብ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሥራ አጥነቱን ከአራት ሰው ከአንድ በላይ አድርጎ ይገምተዋል። አዳማ ላይ ሥራ ፈላጊው ባጃጅ ይነዳል፣ ጎማ ይነፋል፣ ድንች ይጠብሳል፣ የጉልት ንግድ ይጀምራል፤ ገቢው ትንሽና የሚዋዥቅ ቢሆንም በሩ ክፍት ነው። የጅቡቲ ወደብና ጦር ሰፈር ግን በአጥር የተከበበ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ የቀረ ሰው እርሻም ፋብሪካም የለውም።

የሥራ ነገር ሲነሣ በዚሁ መንገድ በእግራቸው የሚጓዙትን ማለፍ አይቻልም። ከኦሮሚያና ከሌሎች ክልሎች የሚነሡ ወጣቶች ጅቡቲን አቋርጠው በኦቦክ ጠረፍ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ለመድረስ ይሞክራሉ። በጥር 2011 ዓ.ም በኦቦክ አካባቢ ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እነዚህ ወጣቶች ጅቡቲ ሲደርሱ «ሀብታም አገር ደረስን» ብለው አይቀመጡም። የነፍስ ወከፍ ገቢ ሦስት እጥፍ የሆነባት አገር ለእነሱ መተላለፊያ ናት።

ዕድሜና ትምህርት

ገቢ ብቻውን እንደማይበቃ ከተረዱት ሰዎች አንዱ ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሐቅ ነበር። ከአማርትያ ሴን ጋር ሆኖ በ1982 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን አጣምሮ የሰውን ልማት የሚለካ መለኪያ እንዲያወጣ አደረገ። በዚህ ሚዛን ሁለቱ አገሮች ትከሻ ለትከሻ ናቸው። በ2016 ዓ.ም በወጣው ዘገባ ጅቡቲ 0.515 አግኝታ ከ193 አገሮች 171ኛ፣ ኢትዮጵያ 0.492 አግኝታ 176ኛ ሆነዋል። ኤርትራ ደግሞ 0.493 አግኝታ 175ኛ ነበረች። ሦስቱን ወደብ፣ መንገድና ጦርነት ያስተሳሰራቸውን ጎረቤቶች አምስት ደረጃ ብቻ ለይቷቸዋል።

ይበልጥ የሚያስገርመው ዕድሜ ነው። በዚያው ዘገባ የኢትዮጵያዊ አማካይ የመኖር ተስፋ ከጅቡቲያዊው ይበልጣል። በ1990ዎቹ ወደየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ክትባትና የእናቶች ክትትል ይህን ከሚያስረዱ ምክንያቶች ናቸው፤ ብዙ ገንዘብ ባይኖርም የተከፈለው ገንዘብ ሰው ቤት ደርሷል። በትምህርት ግን ሁለቱም አገሮች የሚኮሩበት የለም፤ አዋቂ ዜጋቸው በአማካይ በትምህርት ቤት ያሳለፈው ጊዜ 5 ዓመት አይሞላም።

ፍርዱ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቁርስ ቤቱ ክርክር መልስ አለው። ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ሀብታም ናት፤ ጅቡቲያዊ ድሃ ግን ከኢትዮጵያዊ ድሃ ብዙም አይሻልም። ጅቡቲ የተረጋጋ ገንዘብና የተሻለ ደመወዝ አላት፤ ውሃ፣ ምግብና ሥራ ይጎድላታል። አዳማ ምግብ፣ የአየር ጠባይና የሥራ መግቢያ በር አላት፤ የደመወዝ ማነስ፣ የብር መዋዠቅና የውሃ ጥራት ያስጨንቃታል። የሁለቱ ኑሮ ደግሞ የተያያዘ ነው፤ የእነሱ ወደብ ለእኛ ነዳጅ፣ የእኛ ውሃ ለእነሱ ሕይወት ነው።

ከጅቡቲ ልንማር የሚገባን ነገር አለ። በአንድ ቦታ የሚሰበሰብ የማለፊያ ገንዘብ ሕዝብን በራሱ አያበለጽግም። አዳማም ጭነት የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ የክፍያ መንገዱ፣ የባቡር ጣቢያው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ሆቴሎቹ በዓይን ይታያሉ። የእነዚህ መኖር ግን ለኗሪው መሻሻል ማስረጃ አይሆንም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ አባቶች፤ በከተማው ውስጥ የሚያልፈው ጭነትም የከተማው ሰው ሀብት የሚሆነው በደመወዝ፣ በቧንቧና በትምህርት ቤት ሲመጣለት ነው።

ስለዚህ የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመተሐራና የባቱ ከተሞች አስተዳደሮች ከሚያቀርቡት የመንገድና የሕንፃ ሪፖርት ጋር ሦስት ቁጥር በየዓመቱ ለኗሪው ይፋ ቢያደርጉ ተገቢ ነው፦ ንጹሕ ውሃ በሳምንት ለስንት ሰዓት በስንት ቤት ደረሰ፤ የውሃው ፍሎራይድ ስንት ሆኖ ተለካ፤ የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ስንት ሆነ። አንባቢም ቢሆን በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ አገር ሀብት ሲነገረው በዶላር ስንት ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ።